ከዝናብ አገር የመጣ ነጭ ወይን፦ ሁለት የአልባሪኞ ጠርሙሶች

ስለ አልባሪኞ ተደጋግሞ የሚሰጠው ምክር በተጠመቀ በዓመቱ ይጠጣ፣ ከዚያ ካለፈ ለዛው ይጠፋል የሚል ነው። ከሰሜን ምዕራብ ስፔን፣ ከጋሊሲያ ግዛት የሚመጣውን ይህን ነጭ ወይን ጠጅ ለበርካታ ዓመታት ከጠጣሁ በኋላ ግን ምክሩ ለተራው ጠርሙስ እንጂ ለደህናው እንደማይሠራ ተረድቻለሁ። ለዚህ ግምገማ ጎን ለጎን የቀመስኳቸው ሁለት ጠርሙሶች ከአንድ ወይን ሰሪ የወጡ፣ ሁለቱም በጋሊሲያ ውስጥ ካለው ከቫል ዶ ሳልኔስ አካባቢ የተለቀሙና ሙሉ በሙሉ ከአልባሪኞ ዘር የተጠመቁ ናቸው፤ አንዱ ያለፈው ለቀማ ምርት ሲሆን ሌላው አምስት ዓመት ሞልቶታል።

የወጣቱ ወይን ቀለም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ፈዛዛ ቢጫ ነው። ብርጭቆ ውስጥ እንደገባ ኮክና የሎሚ ልጣጭ ይሸታል፣ ጥቂት ቆይቶም የነጭ አበባ ጠረን ይከተላል። ሲቀምሱት ጎምዛዛነቱ ቀድሞ ደርሶ ምራቅ ያስመጣል፤ ወዲያው የኮኩ ጣዕም ይመጣና ያለዝበዋል፤ በመጨረሻ ምላስ ላይ የሚቀረው ጨው ጨው የሚል ስሜት ነው። እኔን ወደዚህ ወይን ደጋግሞ የሚመልሰኝ ይኸው የመጨረሻው ነገር ነው። ሆኖም ጣዕሙ ከተዋጠ በኋላ ብዙ አይቆይም፤ ሊናገር የጀመረውን ሳይጨርስ ዝም እንዳለ ሰው ያደርገዋል።

ጎምዛዛነቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት አገሩን ማወቅ ይጠቅማል። ስፔን ሲባል ደረቅና ፀሐያማ ሜዳ ለሚታየው ሰው ይህ ወይን የሚመረትበት ሪያስ ባይሻስ እንግዳ ነገር ነው፤ አካባቢው ስሙን ያገኘው የአትላንቲክ ውቅያኖስ ወደ የብስ ዘልቆ ከሠራቸው ጠባብ የባሕር ሰርጦች ሲሆን፣ በዓመት ወደ 1,600 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ያገኛል። እንዲህ ባለ እርጥበት የወይን ዘለላ በቀላሉ ይሻግታል። ገበሬዎቹ ያገኙት መፍትሔ ዳስ ነው፦ ከግራናይት ድንጋይ የተጠረቡ ምሰሶዎችን አቁመው በላያቸው ሽቦ ይዘረጋሉ፣ ሐረጉ ሁለት ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንደ ጣሪያ ይንሰራፋል፣ ከባሕር የሚነሳው ነፋስም ከሥሩ እያለፈ ዘለላውን ያደርቀዋል። ለቃሚው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ነው የሚለቅመው፤ በመስከረም ወር ቀኑን ሙሉ እንዲያ ቆሞ መዋል ምን ያህል ትከሻ እንደሚያደክም መገመት አያዳግትም። የአልባሪኞ ፍሬ ቆዳው ወፍራም መሆኑም እርጥበቱን እንዲቋቋም ይረዳዋል። ከሁሉም በላይ ግን አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፍሬው ሲበስል አሲዱን አያጣም፤ ሳልኔስ ደግሞ ከአምስቱ የሪያስ ባይሻስ ንዑስ ቀጠናዎች መካከል ቀዝቃዛውና እርጥቡ ነው። ከሚኞ ወንዝ ዳር፣ ከፖርቱጋል ድንበር አጠገብ ካሉት ከኦ ሮሳልና ከኮንዳዶ ዶ ቴያ የሚመጡት ወይኖች የለሰለሱና ፍሬ ፍሬ የሚሉ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ፤ ለእኔ ትንሽ ይዝላሉ።

ሪያስ ባይሻስ በሕግ የተጠበቀ የወይን ቀጠና ሆኖ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን፣ ከ4,000 ሄክታር የሚበልጠው ማሳ በሺዎች በሚቆጠሩ ባለ ይዞታዎች መካከል ተሸንሽኗል። አብዛኛው ወይን ሰሪ ፍሬ የሚገዛው ከብዙ ትንንሽ ጓሮዎች ነው። በዚህም ምክንያት የጠርሙሱ ጥራት በወይን ሰሪው ብቻ ሳይሆን ፍሬውን በሰጡት ቤተሰቦች ጥንቃቄም ላይ ያርፋል።

ይህን ዘር መነኮሳት በመካከለኛው ዘመን ከራይን ወንዝ ዳር አመጡት የሚል ትረካ በብዙ ጽሑፍ ይገኛል፤ የዘረ መል ምርመራ ግን ከጀርመኑ የወይን ዘር ከሪስሊንግ ጋር አላዛመደውም። ጨዋማው ጣዕም ከግራናይቱ በሥር ተመጥጦ የመጣ ነው የሚለውም ቢሆን ለጆሮ ከመጣፈጡ በቀር ሳይንስ የሚደግፈው አይደለም።

አምስት ዓመት የሞላው ጠርሙስ ሌላ ነገር ነው። ወይን ሰሪው ይህን ያሰናዳው ከተብላላ በኋላ ቶሎ ሳያጠራ፣ ከእርሾው አተላ ጋር ለብዙ ወራት በብረት ጋን አቆይቶ ነው፤ የሞተው እርሾ ቀስ በቀስ እየፈረሰ ለወይኑ ውፍረትና ልስላሴ ይሰጠዋል። ቀለሙ ወደ ወርቃማነት አዘንብሏል። ትኩሱ ኮክ የደረቀ ኮክ ሆኗል፤ የሎሚው ልጣጭም የተቀቀለ የሎሚ ማር መስሏል፤ ከሥራቸው የዳቦ ቅርፊት የሚያስታውስ ጠረን አለ። እኔን ያስደነቀኝ ጎምዛዛነቱ ከአምስት ዓመት በኋላም አለመድከሙ ነው፤ ያ የሚያቃጥል ጫፉ ብቻ ሄዶ አጥንቱ ቀርቷል። የጨው ስሜቱ ከወጣቱ ይልቅ በዚህኛው ይጎላል፣ ረዘም ላለ ጊዜም ይቆያል።

ማቆየት ግን ለሁሉም ጠርሙስ አይሆንም። በስፔን ከ10 እስከ 15 ዩሮ ከሚሸጡት አልባሪኞዎች ብዙዎቹ ለፈጣን ሽያጭ የተጠመቁ ስለሆኑ በሁለት ዓመት ውስጥ መጠጣታቸው ይሻላል። አንድ ጊዜ መስኮት ላይ ለዕይታ ተደርድሮ ፀሐይ ሲመታው ከከረመ መደርደሪያ የገዛሁት የሦስት ዓመት ጠርሙስ የበሰበሰ ፖም ሸትቶኛል፤ ጥፋቱ የዕድሜው ሳይሆን የአቀማመጡ ነበር። ስለዚህ የቆየ አልባሪኞ የሚፈልግ ሰው በጠርሙሱ ላይ ከአተላው ጋር መቆየቱን የሚገልጽ ቃል ቢፈልግ፣ ሻጩንም የት እንዳስቀመጠው ቢጠይቅ ይጠቀማል።

አብሮት የሚበላውን ለመምረጥ ከአገሬው መማር ይበቃል፦ በአሮሳ ሰርጥ ላይ በተንሳፈፉ የእንጨት መደቦች የሚረባው ጥቁር ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ (ሙሰል)፣ ከኦይስተርና ከተቀቀለ ኦክቶፐስ ጋር፣ ለወጣቱ ወይን የተሠራ ይመስላል። ለቆየው ግን በቅቤ የተጠበሰ ዓሣ ይሻለዋል። ወጣቱ በስምንት ዲግሪ አካባቢ ቢቀርብ ጥሩ ነው፤ የቆየውን ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ሩብ ሰዓት ማቆየት ይገባል፤ እኔ ቸኩዬ የቀዳሁት የመጀመሪያው ብርጭቆ ምንም አልነገረኝም፣ ሁለተኛው ነው ያናገረኝ።