መርካቶ ወይስ ሾላ?

በርበሬና ቅቤ ለመግዛት ሲታሰብ አዲስ አበባ ውስጥ ክርክሩ ያው ነው፤ መርካቶ ወይስ ሾላ?

መርካቶ አሁን ያለበትን ቦታ የያዘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ገበያው አራዳ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ነበር። እዚህ ሁሉም የራሱ ተራ አለው። በርበሬ ተራ ሳትደርሱ ገና ከሩቁ ማስነጠስ ይጀምራችኋል። ዛላውን ሰበር አድርጋችሁ ውስጡን እዩ። ሻጋታ ካለው፣ ላዩ የቱንም ያህል ቢያምር እለፉት። ለድግስ ወይም ለዓመት ቀለብ ለሚገዛ እኔ መርካቶን ነው የምለው። ምርጫው ሰፊ ነው፣ ዋጋ ለመከራከርም ይመቻል። ኪሳችሁን ግን አደራ!

ሾላ ወደ መገናኛ ጠጋ ያለ ነው። ከመርካቶ ያንሳል፣ ቶሎ ይዳረሳል። ቅቤ ከሆነ ጉዳያችሁ ግን ወደዚያው። ለጋው፣ መካከለኛውና በሳሉ ጎን ለጎን ተደርድሯል። ቆንጠር አድርጋችሁ አሽትቱ፣ መዳፋችሁ ላይ አሸት አድርጉት። በሳሉ ሽታው ኃይለኛ ነው፤ ለጋው ለፀጉርም ይሆናል። ኮረሪማውንና ጥቁር አዝሙዱንም እዚያው መጨረስ ይቻላል።

የበዓል ዋዜማ ሁለቱም ጋ አይሞከርም። ሌላ ጊዜ በጠዋት ሂዱ። ዋጋ ሲነገራችሁ ትንሽ ራመድ በሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከኋላ "ነይ እሺ፣ ስንት ትከፍያለሽ?" የሚል አይጠፋም።