የቆዳ ኮርሴት ከአንድ የፌስቲቫል ወቅት በኋላ፦ ምርጫው፣ ልኩና አያያዙ

የምገመግመው ከደረት በታች የሚታሰር፣ ከከብት ቆዳ የተሠራ ቡናማ ኮርሴት፣ ማለትም ወገብን አጥብቆ የሚይዝ ልብስ ነው። ባለፈው ጸደይ ከአንድ አነስተኛ የእጅ ሥራ ቤት በ250 ዶላር ገደማ ገዝቼው፣ ከዚያ ወዲህ በጋውንና መጸውን ለብሼዋለሁ። የገዛሁትም በሜሪላንድ ሬኔሳንስ ፌስቲቫል ላይ ለምለብሰው የጫካ አዳኝ አልባሳት ማሟያ እንዲሆነኝ ነው። ፌስቲቫሉ ክራውንስቪል በተባለው ስፍራ፣ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ባሉት ቅዳሜና እሁዶች ይካሄዳል፤ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ለምንኖር ሐበሾችም ሩቅ አይደለም። የሚታየው በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን ያለች የእንግሊዝ መንደር ቢሆንም፣ ብዙው ጎብኚ እንደ ባሕር ወንበዴ ወይም እንደ ተረት ፍጡር ለብሶ ይመጣል። የ16ኛውን ክፍለ ዘመን አለባበስ በትክክል ማሳየት ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ ዕቃ አይሆነውም፤ በብረት ቀለበት ውስጥ የሚያልፍ ማሰሪያና ከፊት የሚቆለፍ የብረት መዝጊያ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ናቸው።

ከመግዛት በፊት ከሁሉ አስቀድሞ ቆዳውን መመርመር ይገባል። በንግዱ ቋንቋ ቆዳ የሚባለው የከብቱ፣ ሌጦ የሚባለው የበጉና የፍየሉ ነው፤ ለኮርሴት የላይኛው ገጽ የሚያስፈልገውም የመጀመሪያው ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ ለጓንት ሥራ በዓለም ገበያ የተመሰገነው ስስ ሆኖ ሳለ ጠንካራና በቀላሉ የሚተጣጠፍ በመሆኑ ነው፤ ወገብን አጥብቆ ለሚይዝ ልብስ ግን ጠንካራ ገበር ካልተደረገለት በተሳበ ቁጥር ይለጠጣል። አሜሪካ ውስጥ የቆዳ ውፍረት በአውንስ ይነገራል፤ አንድ አውንስ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ የእኔው ባለ 5 አውንስ ኮርሴት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል። ከ3 አውንስ የሳሳው ያለ ገበር ወገቡ ላይ ይሸበሸባል፣ ከ8 አውንስ የወፈረው ደግሞ ለጦር ትጥቅ እንጂ ጎንበስ ብሎ ጫማ ለማሰር አያመችም።

አለፋፉም ለውጥ አለው። ክሮም በተባለው ማዕድን ጨው የለፋ ቆዳ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለስላሳ ነው፣ ውኃም የተሻለ ይችላል፤ ከዛፍ ቅርፊት በሚወጣው ታኒን በተባለ ማልፊያ የለፋው ግን መጀመሪያ ግትር ሆኖ፣ በሰውነት ሙቀትና እርጥበት ቀስ በቀስ የለባሹን ቅርጽ ይይዛል። እኔ የመረጥኩት ሁለተኛውን ነው፤ ዛሬም ብመርጥ እሱኑ እመርጣለሁ። ከቆዳ ፍርፋሪና ከሙጫ ተጋግሮ የተሠራውን ወይም በጨርቅ ላይ የተለበጠውን ፕላስቲክ ለመለየት የተቆረጠውን ጠርዝ ማየት ይበጃል፤ በእውነተኛው ቆዳ ጠርዝ ላይ እንደ ቃጫ የተወሳሰበ ክር ሲታይ፣ በተለበጠው ላይ የጨርቁ ሽመና ይታያል። በውስጡ የሚገቡት ማቆሚያ ዘንጎችም ብረት መሆናቸውን ሻጩን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ፕላስቲኮቹ በሰውነት ሙቀት ከታጠፉ በኋላ ወደ ቀድሞ ቅርጻቸው አይመለሱም።

ስለ ልክ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ወገቡን ብቻ ነው። ከወገብ ያላነሰ የሚያስቸግረው ግን ቁመቱ ነው፤ ቆሞ ሲለካ የተመቸ ኮርሴት፣ ሲቀመጡ የታችኛው ጠርዙ ጭን ላይ አርፎ የላይኛውን ወደ ጎድን አጥንት ይገፋዋል። ስለዚህ ከደረት በታች እስከ ጭን ያለውን ርቀት ወንበር ላይ ተቀምጦ መለካት ያስፈልጋል። ወገቡን በተመለከተ፣ ቆዳ እንደ ጨርቅ በቀላሉ ስለማይለጠጥ፣ ከተፈጥሮ ልክ 2 ወይም 3 ኢንች ዝቅ ያለ መጠን ለአብዛኛው ለባሽ በቂ ነው፤ ሲታሰርም ከኋላ 2 ኢንች ያህል ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ሆኖ መቅረት አለበት። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቤት ውስጥ፣ ላላ አድርጌ፣ ለአጭር ጊዜ እየለበስኩ አላመድኩት፤ ዛሬ ወገቡ ላይ ያለው እጥፋት ልክ በእኔ ወገብ ላይ የሚያርፈው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከወራት አገልግሎት በኋላ ቆዳው ራሱ ጠቆር ከማለቱ በቀር አልተጎዳም። የተጎዳው ከብረት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ከጀርባ ባሉት የማሰሪያ ቀለበቶች ላይ የነበረው የኒኬል ልባጥ በገመዱ መሳብ ሲላላጥ፣ ከሥሩ ያለው ብረት ከላብ ጋር ተገናኘ፤ በየቀለበቱ ዙሪያም የምስር ፍሬ የሚያህል፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር እድፍ ወጣ። ይህ ቆሻሻ አይደለም፣ በሳሙናም አይለቅም፤ ብረት በቆዳው ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ቀለም ነው። ቆዳ ሠሪዎች ብረት በኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፈው ሆን ብለው ቆዳ የሚያጠቁሩትም በዚሁ መንገድ ነው። የሎሚ ጭማቂ በጥጥ እየነካሁ በቀስታ ስጠርገው አብዛኛው ለቀቀ፤ ከዚያም ቦታውን በእርጥብ ጨርቅ አጽድቼ፣ ሲደርቅ ቅባት ቀባሁት። ቀለበቶቹ ከኋላ ደጋፊ ቀለበት የሌላቸው ነጠላዎች ስለሆኑም አንዱ መላላት ጀምሯል፤ በዚህ ዋጋ ባለሁለት ክፍል ቀለበት መጠበቅ ተገቢ ነበር።

ላብ የዚህ ሁሉ መነሻ ስለሆነ፣ እንክብካቤው ከመልበስ ይጀምራል። በሜሪላንድ የኦገስት ወበቅ ከሥር የበፍታ ወይም የጥጥ ሸሚዝ ሳይደርቡ የቆዳ ኮርሴት መልበስ ቆዳውንም ሰውነትንም መጉዳት ነው። ሲያወልቁ አስቀድሞ የጀርባውን ገመድ በደንብ ማላላት፣ ከዚያ የፊቱን መዝጊያ መክፈት ይገባል፤ ጠብቆ እያለ በግድ የተከፈተ መዝጊያ ይጣመማል። እኔ እንደገባሁ ውስጡን በእርጥብ ጨርቅ እጠርግና፣ ገበሩን ወደ ውጭ አድርጌ፣ ፀሐይና ማሞቂያ በሌለበት ነፋሻ ቦታ አሳድረዋለሁ። ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ማስገባት የማይታሰብ ነው። ቅባቱም ቢሆን ሲበዛ ቆዳውን ያለሰልስና ቅርጹን ያስለቅቀዋል፤ በአንድ የፌስቲቫል ወቅት ሁለት ጊዜ፣ እጅግ ስስ አድርጎ መቀባት ይበቃል። የምግብ ዘይትና ቅቤ ሲቆዩ ስለሚሻግቱ ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ ከከብት እግር የሚወጣው የኒትስፉት ዘይት ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ቀለም እንደሚያጠቁር አውቆ መጠቀም ነው። ወቅቱ ሲያልፍ ሳይታጠፍ፣ በጥጥ ከረጢት ውስጥ ተዘርግቶ ወይም ላላ ብሎ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ በፕላስቲክ የታሸገ ቆዳ እርጥበቱ ስለማይወጣለት ሻጋታ ያበቅላል።

አሁን ስለብሰው ከኋላ የሚቀረው ክፍተት ከመጀመሪያው ጠቧል፤ ቆዳው ትንሽ ስለተለጠጠ ነው። አዲስ ሆኖ ጀርባው ገጥሞ የሚዘጋ ኮርሴት የገዛ ሰው ይህ ሲሆን የሚያጠብቅበት ቦታ አይኖረውም። ለሚቀጥለው ወቅት ቀለበቶቹን በሙሉ ባለሁለት ክፍል በሆኑ የናስ ቀለበቶች አስለውጣለሁ፤ ናስም ከቆዳው ቅባት ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፣ እሱን ግን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይቻላል።