ኖሚክ፦ ደንብ ከደንብ ሲጋጭ የሚፈተኑበት ጨዋታ

ኖሚክ አሜሪካዊው የፍልስፍና ምሁር ፒተር ሱበር በ1982 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው ጨዋታ ሲሆን፣ ሰሌዳም ካርታም የለውም፤ ያለው 29 የመነሻ ደንብ ነው። ከ101 እስከ 116 ያሉት የማይሻሻሉ፣ ከ201 እስከ 213 ያሉት የሚሻሻሉ ናቸው። ተራ የደረሰው ሰው አንድ የደንብ ለውጥ ያቀርባል፣ ድምፅ ይሰጥበታል፣ ከዚያ ዳይስ ጥሎ የወጣለትን ነጥብ ይይዛል፤ ቀድሞ 100 የሞላ ያሸንፋል። ድሬዳዋ ከዚራ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ በአንድ ወዳጃችን ግቢ ለአራት ተጫወትነው። ጨዋታውን ከልቤ የወደድኩት የተጋጩ ደንቦችን በሚዳኝበት መንገድ ነው።

ዳኝነቱ ሁለት ደረጃ አለው። በደንብ 110 መሠረት የሚሻሻል ደንብ ከማይሻሻል ጋር ሲጋጭ የሚሻሻለው ሙሉ በሙሉ ውድቅ ይሆናል፤ ይህ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ማንኛውም ሕግ ተፈጻሚነት እንደማይኖረው ከሚደነግገው ከአንቀጽ 9 ጋር ስለሚመሳሰል ለማንም አያስቸግርም። የሚያከራክረው አንድ ደረጃ ላይ ያሉ ደንቦች ሲጋጩ የሚሠራው 211 ነው። እርሱ እንደሚለው ትንሹ ቁጥር ያለው ደንብ ይቀድማል፤ አዳዲስ ሐሳቦች ከ301 ጀምሮ በቅደም ተከተል ስለሚቆጠሩ አሮጌው አዲሱን ይረታል ማለት ነው። አዲስ አዋጅ የቀድሞውን ሲሽር ማየት ለለመድን ሰዎች ነገሩ ግር ይላል። ሆኖም አንዱ ደንብ «ከእገሌ ደንብ እቀድማለሁ» ወይም «ለእገሌ ደንብ ቦታ እለቃለሁ» ብሎ በግልጽ ከጻፈ ቃሉ ከቁጥሩ ይበልጣል፤ ሁለቱም እንቀድማለን ካሉ ግን ወደ ቁጥር ይመለሳል።

በአራተኛው ተራ የሕግ ተማሪ የሆነችው ተጫዋች «ስድስት የጣለ ይድገም» የሚል ሐሳብ አቀረበች፤ በሙሉ ድምፅ አልፎ ደንብ 304 ሆነ። ወዲያው ስድስት ወጣላትና ልትደግም ስትል ክርክር ተነሣ። ከእርሷ በፊት ተጫውተው የነበሩት ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ በደንብ 212 መሠረት ዳኛ ስለሆኑ፣ 202 «አንድ ጊዜ ይጣላል» እንደሚልና ቁጥሩም እንደሚያንስ ጠቅሰው ከለከሏት። በዘጠነኛው ተራ ዳይሱ ከሐሳቡ በፊት እንዲጣል 202 ተሻሻለ። የተሻሻለ ደንብ የማሻሻያውን ቁጥር ስለሚወስድ ግን 202 የነበረው 309 ሆነ፤ ስለ ዳይስ ቅደም ተከተል ብቻ ስናወራ የነበርን ሰዎች 304ን ሳናስበው የበላይ አደረግነው። ልጅቷ ተራዋ ደርሶ ዳግመኛ ስድስት ስትጥል፣ «ጋሼ፣ አሁንስ የኔ ደንብ ነው የሚቀድመው» አለች።

እዚህ ላይ የጨዋታው ክፍተት ወለል ብሎ ታየ። 110 የተረታው ደንብ ውድቅ መሆኑን ሲናገር፣ 211 የሚናገረው ስለ መቅደም ብቻ ነው፤ የተረታው ሞቷል ወይስ ተኝቷል የሚለውን ለዳኛው ይተወዋል። ዳኛችን ጊዜ ወስደው ሁለቱን ደንቦች ጎን ለጎን ካነበቡ በኋላ «ተኝቷል» ብለው ፈረዱ። ፍርዱን ለመሻር ከቀጣዩ ተራ በፊት የሌሎቹ ተጫዋቾች ሁሉ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ከእነርሱ አንዷ ተጠቃሚዋ ራሷ ስለነበረች ፍርዱ ጸና። እኔም ትክክል ነበሩ እላለሁ፤ ደንብ አውጪው አንዱ ዘንድ «ውድቅ» ብሎ ሌላው ዘንድ ከተወው፣ ያልተጻፈውን መጨመር የዳኛ ሥልጣን አይደለም።

211 ራሱም የሚሻሻል ደንብ መሆኑ ደግሞ እጅግ አስደናቂ ነው። አንድ ሰው «አዲሱ ደንብ አሮጌውን ይረታል» የሚል ደንብ ቢያጸድቅ ከ211 ጋር ይጋጫል፤ 211 በራሱ መለኪያ፣ በቁጥሩ ማነስ፣ ይረታዋል። ያው ደንብ «ከ211 እቀድማለሁ» የሚል ቃል ቢጨመርበት ግን 211 በራሱ ቃል ይሸነፋል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍና አለመጻፍ የሚያመጣውን ልዩነት የማኅበር መተዳደሪያ የሚያረቅ ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ቢያየው እወዳለሁ።

የነጥቡ ሩጫ ደካማ ነው፣ ደንቦቹም በእንግሊዝኛ ስለሆኑ የሚያስረዳ ሰው ይጠይቃሉ። ለችኩል ሰው አይሆንም። ከአራት እስከ ስድስት ሆናችሁ ሙሉ ከሰዓት ካላችሁ ግን ያለ ማመንታት ተጫወቱት፤ በ301 የመጀመሪያው ተጫዋች «በ211 የተረታ ደንብ ግጭቱ እስኪወገድ ብቻ ይታገዳል» ብሎ ቢያቀርብ እኔ በደስታ እደግፈዋለሁ።