ለረጅም የሳይክል ጉዞ የገዛነው የአደጋ ኢንሹራንስ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ባህር ዳር ሳይክል የማይነዳ የለም፣ ከከተማ ወጥቶ ሙሉ ቀን የሚነዳ ግን ጥቂት ነው። እኛ አምስት ጓደኛሞች መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ አዲስ ቅዳም ደርሰን እንመለስ ነበር፣ ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። አዘጋጅ የለን፣ ከኋላ የሚከተል መኪና የለን፣ ስለዚህ እያንዳንዳችን የአንድ አመት የግል አደጋ ኢንሹራንስ ገዛን። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ የማወራው ስለ ውሉ ነው፣ ሌላ ጋ ብትሄዱም ይሄው አንቀጽ ሊገጥማችሁ ይችላል።

መጀመሪያ ህጋችንን ልንገራችሁ፣ ጣጣው የመጣው ከሱ ነውና። የምንነዳው በኦዳክስ ህግ ነው። ኦዳክስ ክለብ ፓሪዚየን በፈረንጆቹ 1904 የተቋቋመ የፈረንሳይ የረጅም ርቀት ሳይክል ክለብ ነው፣ ፓሪስ ብረስት ፓሪስ የሚባለውን 1200 ኪሎ ሜትር ጉዞ የሚያዘጋጀውም እሱ ነው። በነሱ ህግ 200 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ተኩል ማለቅ አለበት፣ 300ው በ20፣ 400ው በ27። ማታ መብራትና አንጸባራቂ ሰደርያ ግዴታ ነው። አንደኛ ሁለተኛ የሚባል ነገር የለም። ጠዋት 12 ሰዓት ከወጣን ማታ 1 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ መግባት ነው፣ በየመቆጣጠሪያው ደግሞ ካርድ ላይ ማህተም ማስመታት። ዳንግላ ላይ የምናስመታው አንድ ሱቅ ነበር፣ ባለሱቋ እትዬ የሱቃቸውን ማህተም እፍ እፍ ብለው ካርዱ ላይ ያሳርፉና ሰዓቱን በእስክሪብቶ ይጽፉልናል፣ «ልጆቼ ጉሮሯችሁን እንኳ ሳታረጥቡ ልትሄዱ ነው?» እያሉ ውሃ ያቀርቡልን ነበር፣ እድሜ ይስጣቸው።

አንድ ቀን ስንመለስ መርአዊ መግቢያ ላይ ባጃጅ ፍሬቻ ሳያሳይ ታጠፈብንና አንዱ ጓደኛችን ወደቀ፣ ቀኝ እጁ አንጓው ላይ ተሰበረ። የሰፈሩ ሰዎች በደግነት «ወጌሻ እናምጣለት» ብለው ነበር፣ እኛ ግን ሆስፒታል ወሰድነው፣ ራጅ ተነሳ፣ ጀሶ ታሰረለት። ለክሌሙም (ለካሳ ጥያቄው) የጠቀመን ይሄው ነው፣ የሀኪም ወረቀትና የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ከሌለህ ቢሮ ገብተህ ምንም ማለት አትችልም።

ቢሮው ያለው ሰራተኛ ካርዱን አገላብጦ አየና «ወንድሜ፣ መነሻ ሰዓት አለው፣ መዝጊያ ሰዓት አለው፣ ይሄማ ውድድር ነው» አለን። ውሉ ላይ በደቃቅ እንግሊዝኛ ማንኛውንም አይነት ውድድር አይሸፍንም ይላል፣ ስንፈርም ማናችንም አላነበብናትም። ሁለት ወር ተመላለስን። የፈታው የኦዳክስ ህግ ራሱ ነው፣ እያንዳንዱ ነጂ በግል ሽርሽር ላይ እንዳለ ሰው ይቆጠራል የሚል ቦታ አለው፣ እሱን ፕሪንት አድርገን፣ ደረጃ እንደሌለ፣ ሽልማት እንደሌለ በአማርኛ ደብዳቤ ጽፈን ለስራ አስኪያጁ አስገባን። የህክምናውን ከፈሉ። ሳይክሉ ግን አልተካተተም፣ የተጣመመውን ጎማና ሹካ (ጎማውን የሚይዘውን ብረት) ጓደኛችን ከኪሱ ነው ያሰራው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ። ባለሞተር ተሽከርካሪ ከገጨህ አንተ ሶስተኛ ወገን ነህ (ማለት ውሉ ውስጥ የሌለህ ተጎጂ)፣ በአዋጅ የተሽከርካሪው የሶስተኛ ወገን መድን አንተንም ይመለከታል፣ ገጭቶ ቢያመልጥ እንኳ ለዚህ የተቋቋመ ፈንድ አለ። ስለዚህ ከህመምህ በፊት ታርጋውን ያዝ፣ ካልቻልክ ጓደኛህ ይያዝልህ።

አንተ በሳይክልህ መንገድ የምታቋርጥ እናት ብትገጭስ? እሱን የኛ ውል አይሸፍንም። የኦዳክስ ህግ ግን የሚጠይቀው ይሄኛውን ነው፣ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሀላፊነት መድን። እኛ ለራሳችን አካል ብቻ አስበን ነበር የገዛነው፣ ይሄ አሁንም ይቆጨኛል።

አረቦኑ (ለመድኑ የምንከፍለው) አይከብድም፣ ሰራተኞቹም ጨዋ ናቸው፣ ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። ስናድስ «ሰዓት የተወሰነለት፣ ደረጃ የሌለው የግል የሳይክል ጉዞ እንደ ውድድር አይቆጠርም» የምትል መስመር ተጽፋ ማህተም እንዲመታባት ጠየቅን፣ አንድ ሳምንት አስጠብቀው ጻፉልን። ኮፒዋን ላሚኔት አስደርጌ ሳይክሌ ቦርሳ ውስጥ ከካርዱ ጋር አስቀምጫታለሁ።