«ያው መንገድ አይደል?»፦ ከስታዲየም እስከ ዋሽንግተን

ስታዲየም አካባቢ ወዳለ አንድ ትኬት ቢሮ የመልስ ቀኔን ላስቀይር ገባሁ። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፣ ቡና አዘዘችልኝ፣ ጉዳዬንም በሩብ ሰዓት ጨረሰችልኝ። ልወጣ ስል «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብዬ ጠየቅኋት። «ያው ነው ጋሼ፤ የመጡበት መንገድ አይደል? 13 ሰዓት» አለችኝ። አመንኳት። ለባለቤቴ ደውዬ በዚያው ስሌት ዳላስ እንድትጠብቀኝ ነገርኳት። ዳላስ የምለው የዋሽንግተኑን ኤርፖርት ነው፤ እኛ አፍ ላይ ከቴክሳሱ ጋር ስሙ አንድ ሆኖ ቀርቷል።

ስመጣ እውነትም 13 ሰዓት ነበር። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ተነስተን በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቦሌ ነበርን፤ በአሜሪካ በጋ ያለው የ7 ሰዓት ልዩነት ተጨምሮበት ነው።

ርቀቱ መሄጃም መምጫም 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ ላይ ልጅቷ አልተሳሳተችም። ነገር ግን ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለው። አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩም የክንፉም ጉልበት ይቀንሳል። ሰውና ሻንጣ የሞላ አውሮፕላን ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ ከዚህ መነሳት ይቸግረዋል። ስለዚህ ቀለል ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል፤ የሚያርፍበት ከተማ በየጊዜው ይቀያየራል። ዳላስ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ሲመጣ ይህ ጣጣ የለበትም። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስም ሲመጡ ከኋላ ይገፋል፣ ሲመለሱ ፊት ለፊት ይገጥማል። ትኬት የሚሸጥ ሰው ይህን ሁሉ ይተንትን አልልም፤ «መሐል ላይ ያርፋል» ማለት ግን ምን ያህል ይከብዳል?

የታክሲውን ሾፌር ግን ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። በረራው ማታ 4:30 ስለነበር በስልክ «7:30 ላይ ናልኝ» አልኩት። ከ20 ዓመት ስደት በኋላ አፌ የፈረንጅ ሰዓት ይዟል። እዚያው ስታዲየም አካባቢ እህቴ ቤት ሽሮ እየጎረስኩ ስልኬ ጮኸ፦ «ጋሼ፣ ደርሻለሁ፤ ይውረዱ።» ጠራራ ፀሐይ፣ የቀትሩ 7:30! ነገሩ ሲገባው ሳቀ፤ ለምልልሱ ሳንቲም ሳያስከፍለኝ ማታ 1:30 ላይ በሰዓቱ ተመልሶ መጣ። በርበሬና ሽሮ የጠቀጠቅኩባቸውን ሁለት ሻንጣዎች እሱው አወረደልኝ። ከስታዲየም ቦሌ ቅርብ ነው፤ ያን ማታ በ20 ደቂቃ ገባን፣ በመጣሁበት ሳምንት ግን ያው መንገድ ሰዓት ፈጅቶብናል። ባቡሩ ስታዲየም ቢቆምም ኤርፖርት አይደርስም፤ ስለዚህ ሰፋ ያለ ሰዓት ይዛችሁ ውጡ።

በረራው ነዳጅ የቀዳንበት ጭምር 17 ሰዓት ፈጀ። ባለቤቴ ቃሌን አምና ከሲልቨር ስፕሪንግ ሌሊት ተነስታ፣ ከንጋቱ በፊት 10:30 ላይ ዳላስ ደርሳለች። እኔ ያረፍኩት ጠዋት 2:30 ላይ ነው። ሻንጣዬን እየገፋሁ ስወጣ መኪናው ውስጥ ነጠላዋን ተከናንባ ተኝታ አገኘኋት። መስኮቱን ባንኳኳ አንድ ዓይኗን ገልጣ «ያው መንገድ አይደል?» አለችኝ።