ፊላደልፊያ ኢንዲፔንደንስ ሆል ምትሄዱ ሰዎች ኮንግረስ ሆልን እንዳታልፉት

ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና እያጠናችሁ ያላችሁ በተለይ ይሄ ለናንተ ነው። ኢንዲፔንደንስ ሆል መግቢያው ነፃ ነው፣ ግን ቀንና ሰዓት ያለው ቲኬት ቀድማችሁ ኦንላይን መያዝ አለባችሁ፣ ለቡኪንጉ 1 ዶላር ነው ሚጠይቁት በቃ። ፍተሻ ስላለ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። እኛ ጠዋት ከፍለን አንድ የግል አስጎብኚ ይዘን ነበር፣ ስሙን አልጠራም፣ ከህንፃዎቹ ውጪ አቁሞን የሸመደደውን ቀንና ስም ምናምን ይደረድርልናል እንጂ ለምን እንደዛ ሆነ ስትሉት መልስ የለውም። ብራችሁን አታውጡ፣ የፓርክ ሬንጀሮቹ (የፓርኩ ሰራተኞች ናቸው) በነፃ ሚሰሩት ስራ በብዙ ይበልጣል።

ሬንጀሯ ያስገባችን ክፍል በ1776 የነፃነት አዋጁ የፀደቀበት፣ በ1787 ደሞ ህገ መንግስቱ የተረቀቀበት ነው፣ ሁለቱም እዛው አንድ ክፍል ውስጥ። ክፍሉ ከጠበቅኩት በጣም ያንሳል፣ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች አሉ፣ ፊት ላይ ዋሽንግተን ስብሰባውን ሲመራ የተቀመጠባት ወንበር አለች፣ ራሷ ኦሪጅናሏ። የወደድኩት ሬንጀሯ ህገ መንግስቱን ያረቀቁትን ሰዎች እንደ መላእክት አላቀረበቻቸውም። ከህገ መንግስቱ በፊት የነበረው ማእከላዊ መንግስት ግብር መጣል አይችልም ነበር፣ ስቴቶቹን ገንዘብ ስጡኝ እያለ መለመን ነው ስራው፣ ስቴቶቹ የተሳሰሩበትን ውል ለማሻሻል ደሞ 13ቱም መስማማት ነበረባቸው፣ ስለዚ ምንም አልራመድ አለ። ሊያስተካክሉት ሲሰበሰቡ ሮድ አይላንድ ጭራሽ ሰው አላከችም። የመጡት ደሞ በጋውን ሙሉ ተከራከሩ፣ ትልልቆቹ ስቴቶች በህዝባችን ቁጥር እንወከል ሲሉ ትንንሾቹ እኩል ካልሆነ አይሆንም አሉ፣ መጨረሻ ላይ ሀውስ (የተወካዮች ምክር ቤቱ) በህዝብ ብዛት ይሁን፣ ሴኔት ለሁሉም ሁለት ሁለት ይሁን ብለው ታረቁ። ለፈተናው 100 ሴናተር ብላችሁ ምትሸመድዱት ነገር የመጣው ከዚ ድርድር ነው እኮ! ግን እዛው ክፍል ውስጥ ነው በባርነት ያለ ሰው ለውክልና ሲቆጠር ሶስት አምስተኛ ይሁን ተብሎ የተፃፈው፣ ሬንጀሯ እሱንም ሳትዘል ነው የተናገረችው። ከመጡት 55 ተወካዮች የፈረሙት 39 ናቸው፣ ጆርጅ ሜሰን የዜጎች መብት አልተዘረዘረም ብሎ እስከ መጨረሻው እምቢ አለ፣ መብቶቹ በ10 ማሻሻያ የገቡት በኋላ በ1791 ነው።

ቱሩ አጭር ስለሆነ ይሄን ይሄን አንብባችሁ ብትሄዱ ብዙ ትጠቀማላችሁ።

አሁን ዋናው። ሰው ከዛ ወጥቶ ሊበርቲ ቤል (ታዋቂው የነፃነት ደወል) ጋ ፎቶ ለመነሳት ይሮጣል፣ እዛው ኢንዲፔንደንስ ሆል አጠገብ ያለውን ኮንግረስ ሆልን ብዙው ያልፈዋል። እንዳታልፉት! ከ1790 እስከ 1800 ፊላደልፊያ ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ ኮንግረስ የተቀመጠው እዚ ነው፣ ምድር ቤቱ ሀውስ፣ ፎቁ ሴኔት። ስንገባ ቲኬት አልጠየቁንም፣ ወረፋም አልነበረም። በ1797 ማርች 4 ዋሽንግተን ስልጣኑን ለጆን አዳምስ ያስረከበው ምድር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ነው። አስቡት፣ ሰውየው ጦሩን የመራ ጀነራል ነው፣ በዛ ሰዓት ሶስተኛ ጊዜ እወዳደራለሁ ቢል ህጉ አይከለክለውም፣ በቃኝ ብሎ ነው የወጣው። ምርጫው ደሞ ለጥቂት ነው የተለያየው፣ ስቴቶቹ በመረጧቸው ኤሌክተሮች ድምፅ አዳምስ 71 ጄፈርሰን 68፣ ሶስት ድምፅ! የተሸነፈው ጄፈርሰን በጊዜው ህግ ምክትል ፕሬዝዳንት ሆኖ እዛው ህንፃ ፎቁ ላይ ቃለ መሃላ ፈፀመ፣ ያ አሰራር በኋላ በ1804 በ12ኛው ማሻሻያ ተቀየረ። እኔ ህገ መንግስት ሲባል ወረቀቱ ነበር ሚታየኝ፣ እዛ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ግን ወረቀቱ ስራ ላይ የዋለው ሰው ተነስቶ ሲሄድ ነው ብዬ በጣም ነው የተሰማኝ፣ ደንብ መፃፍ ሌላ፣ ማሸነፍ እየቻሉ ስልጣን መልቀቅ ሌላ ነው። እውነቱን ለመናገር ከዋናው ክፍል ይልቅ እዚ ነው ብዙ የቆየሁት። በዛው ህንፃ ኮንግረስ በ1793 ከባርነት ያመለጠ ሰው ተይዞ ይመለስ ሚለውን ህግ እንዳወጣም እወቁ።

ከዛ ወደ ሊበርቲ ቤል ስትሄዱ መግቢያው አጠገብ ዋሽንግተን ፕሬዝዳንት ሆኖ የኖረበት ቤት ቦታ አለ። ኦኒ ጀጅ ምትባለው በባርነት ታገለግል የነበረች ወጣት በ1796 ያመለጠችው ከዛ ቤት ነው፣ ዋሽንግተን ሊያስመልሳት ሞክሮ ሳይችል ቀርቷል። ደወሉም ነፃ ነው፣ ቲኬት የለውም፣ ጊዜ ካጠራችሁ ግን ደወሉን አሳጥራችሁ እዚና ኮንግረስ ሆል ቆዩ። ከኔ 5 ኮከብ።