ካሴት ወደ ፍላሽ፦ ፈረንጅ አራዳ ያለው ገልባጭ ቤት ለጥላሁን ገሠሠ ካሴቶች ምን ያህል ይታመናል?

ጅማ ውስጥ የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ ከሚገለብጡት ቤቶች ፈረንጅ አራዳ ያለው ሱቅ በቀረጻው አያሳፍርም። ካሴት የሚያጫውቱበት ዴክ ንጹህ ነው፣ ካሴት በእጥፍ ፍጥነት አያስሮጥም፣ የሻገተ ክር ዝም ብሎ አይጭንም። ችግሩ የሚመጣው ከቀረጻው በኋላ ነው። ድምፁን «ላጽዳላችሁ» ብሎ ያጥበዋል፣ ከዚያ ሁሉንም ዘፈን አንድ ፎልደር ውስጥ ያፈሰዋል። የጥላሁን ካሴት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ እነዚህን ሁለት ነገሮች አስቀድማችሁ ካልከለከላችሁ ከአርባ ዓመት በላይ የተዘፈነ ሥራ መጀመሪያውና መጨረሻው የማይለይ ጥቅል ሆኖ ይመለስላችኋል።

መጀመሪያ መሣሪያው። ካሴቱ የሚጫወተው በቤት ዴክ ነው፤ በተለመደው ባለ ሁለት ስፒከር ራዲዮ ቴፕ አይደለም። ድምፁ ከዴኩ «ላይን አውት» በቀይና ነጭ ገመድ ይወጣና ለብቻው በተቀመጠ ሳውንድ ካርድ አልፎ በዩኤስቢ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ቦታ የሚሠራው ከቴፑ የኢርፎን ቀዳዳ አውጥቶ ላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ላይ መሰካት ነው። የማይክ መግቢያ ለደካማ ድምፅ ስለተሠራ ዘፈኑ ጎላ ሲል ይሰነጠቃል፣ በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ግራና ቀኙ ተቀላቅሎ አንድ ይሆናል። ጥላሁን ድምፁን ድንገት የሚያነሳ ዘፋኝ ነው፤ ለስለስ ብሎ ጀምሮ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ይፈነዳል። በዘፈኑ መጀመሪያ ልክ የተስተካከለ ድምፅ አዝማቹ ላይ መሰንጠቁ አይቀርም። እዚህ ቤት ግን መጀመሪያ የካሴቱን ጉልህ ቦታ ፈልገው ያስጫውቱና መለኪያው ከ-6 ዲሲቤል እንዳያልፍ አድርገው ነው ቀረጻ የሚጀምሩት። አንድ ጊዜ የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ በምንም ፕሮግራም ስለማይጠገን በዚህ ነጥብ ሙሉ ምስጋና ይገባቸዋል።

ከእያንዳንዱ ካሴት በኋላ ሄዱን (ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበውን የዴኩን ክፍል)፣ የብረት ዘንጉንና የጎማ ተሽከርካሪውን በጥጥና ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አልኮል ይጠርጋሉ። ቁም ነገሩ ጎማው ላይ ነው። ጎማው ከቆሸሸ ወይም ከደረቀ ክሩን እኩል አይጎትትም፣ ረዘም ያለ ድምፅም ይወዛወዛል። የጥላሁን ድምፅ በተፈጥሮው የሚርገበገብ ስለሆነ ጥፋቱን ከዘፋኙ መለየት ያስቸግራል። መለያው እንዲህ ነው፦ የጥላሁን መርገብገብ ፈጣን ነው፣ ከቃሉ ጋር ይመጣል፣ ከቃሉ ጋር ይሄዳል። የጎማው መወዛወዝ ግን ዘገምተኛ ነው፤ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል እየተመላለሰ ዘፋኙ ዝም ባለበትም ቦታ ይቀጥላል። ስለዚህ ድምፁን ትታችሁ ሳክስፎኑን ወይም ኦርጋኑን ስሙ። እነሱም አብረው የሚወዛወዙ ከሆነ ካሴቱ ይመለስና ጎማው ተጠርጎ እንደገና ይቀረጽ።

ፍጥነቱንም አትለፉት። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር መሄድ አለበት። ቀበቶው የላላ ዴክ ያዘገማል፣ ሞተሩ በትክክል ያልተስተካከለ ዴክ ደግሞ ያፈጥናል። 6 በመቶ ብቻ ቢፈጥን ዘፈኑ በግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ይወጣና ጎልማሳው ጥላሁን የ20 ዓመት ልጅ መስሎ ይሰማል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ያው ቀረጻ በሲዲ ካላችሁ ከመጀመሪያው ምት እስከ መጨረሻው ያለውን ጊዜ አወዳድሩ። 4 ደቂቃ መሆን ያለበት 3 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ከሆነ ዴኩ እየሮጠ ነው። የዚህ ቤት ዴክ በዚህ ፈተና ደህና ነው። ሆኖም ካሴቱ ራሱ ከሌላ ካሴት የተቀዳ ከሆነ ጥፋቱ ድሮ በቅጂው ጊዜ ገብቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተር ላይ ፍጥነቱን ማስተካከል ይቻላል። ፍጥነትና ቅኝት አብረው እንዲለወጡ ማዘዝ ያስፈልጋል እንጂ ቅኝቱ ብቻ ከተለወጠ ድምፁ ይጣመማል።

ሠራተኞቹ ካልተጠየቁ የማይሠሩት አንድ ነገር አለ። ከሄዱ ጎን ያለችው ትንሽ ብሎን የሄዱን አቀማመጥ ትቆጣጠራለች፣ ካሴቱ መጀመሪያ ከተቀዳበት ዴክ ጋር ካልተገጣጠመች ድምፁ ብርድ ልብስ ውስጥ የገባ ይመስላል። «ሰ» እና «ጸ» ደብዝዘው ከተሰሙ ብሎኗን በትንሹ ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ፊደሎቹ ጥርት የሚሉበትን ቦታ እንዲፈልጉ ጠይቁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የቅጂ ቅጂ ለሆኑ ካሴቶች ከየትኛውም የኮምፒውተር ማሳመሪያ ይበልጣል።

ጅማ ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው። ከክረምት እስከ ክረምት ሳጥን ውስጥ የከረመ ካሴት ይሻግታል። ከመውሰዳችሁ በፊት ካሴቱን ወደ ብርሃን አቅንታችሁ በመስኮቱ ክሩን እዩ፤ የተጠመጠመው ክር ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት ካለ ሻጋታ ነው። ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ሻጋታው ሄዱን ያለብስና ቀጥሎ ለሚገባው ካሴት ይተርፋል፣ የተጣበቀ ክር ደግሞ ሲጎተት ይበጠሳል። ጸሐይ ላይ ማስጣትም ክሩን ያጣምመዋል። ቤቱ እንዲህ ያለውን ለብቻ ይቀበላል። ባለ 5 ብሎን ከሆነ ይፈታል፣ በሙጫ የተዘጋ ከሆነ ጠርዙ በስለት ይከፈታል። ከዚያ ክሩ ወደ አዲስ ቅርፊት ይዛወራል፣ ጠርዙ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ እየተጠረገ በቀስታ ይጠመጠማል። ክሩን ከሄዱ ጋር የምትጫነዋ ትንሽ ስፖንጅ ወድቃ ከሆነም በዚያው ትተካለች፤ ድምፅ ሲመጣ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ እሷ ናት። የተበጠሰ ክር ግን በቢሮ ስኮች እንዲጣበቅ አትፍቀዱ። ሙጫው ወጥቶ ቀጣዩን ዙር ያጣብቃል። ለካሴት ተብሎ የተሠራ ቀጭን ማጣበቂያ አለ፣ ቤቱም አለው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ ገንዘቡ ይገባዋል። ወደ ጥፋቱ ስንመጣ የመጀመሪያው ማጽዳቱ ነው። የካሴት ሹክሹክታ፣ ማለትም ከዘፈኑ ሥር የሚሰማው «ሽሽ» የሚል ድምፅ፣ የሚበዛው በከፍተኛው የድምፅ ክልል ነው፣ የዘፋኙ ትንፋሽና የ«ሰ» ፉጨትም የሚኖረው እዚያው ነው። ፕሮግራሙ ከዘፈኑ በፊት ካለው ጸጥታ የሹክሹክታውን ናሙና ወስዶ ከመላው ቀረጻ ላይ ይቀንሳል። በመጠኑ ሲሠራ አይጎዳም። እዚህ ቤት ግን ሹክሹክታው ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ይገፉታል። ውጤቱ ውሃ ውስጥ የሚዘፈን የሚመስል ድምፅ ነው፣ ትንፋሹ ተቆርጦ ይጠፋል። ለጥላሁን ይሄ ከባድ ጉዳት ነው። በወጣትነቱ በአንድ ትንፋሽ የሚዘልቀውን ሐረግ በኋላ ዘመን የት ላይ እንደሚያሳርፈው፣ ከየትኛው ቃል በፊት አየር እንደሚስብ፣ የደከመ ጉሮሮ እንዴት አድርጎ ያንኑ ስሜት እንደሚያወጣ የሚነግረን ትንፋሹ ነው። «ምንም ሳይነካ በዌቭ ስጡኝ» በሉ፤ ዌቭ ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል ነው። 44.1 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት ይበቃል። በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ የ60 ደቂቃ ካሴት 600 ሜጋባይት ይሆናል። ለመኪናና ለስልክ ከዚያው በ320 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ይሠራላችኋል፣ ይህ 144 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ቤቱ ሳይጠየቅ የሚሰጠው በ128 ነው፤ ለዚህ ሁሉ ልፋት አይመጥንም።

ሁለተኛው ጥፋት አደራደሩ ነው፣ እዚህ ላይ የዘፋኙን ሕይወት ማወቅ ግድ ይላል። ጥላሁን መስከረም 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልዶ ወሊሶ አድጓል፣ ገና በልጅነቱ ዘፈን ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። ሀገር ፍቅር ቴአትር ጀምሮ የክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ሲገባ ስሙ በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዦች የመሩት መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ዘፋኙም አብሮ ታሰረ። ተፈትቶ ተመለሰ፣ ከቀድሞውም በላይ ተወደደ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሃ እሸቴ የሀገር ፍቅር ማኅበርን የብቸኝነት መብት ተጋፍቶ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ያ ድምፅ በየቤቱ ገባ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ ዘጋው፣ ሸክላው ቆመ፣ ካሴት ተተካ። በ1985 ዓ.ም. አንገቱን በስለት ተወግቶ ከሞት ተረፈ። ስኳር በሽታ እግሩን አሳጣው፤ ያም ሆኖ ዘፈነ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት አረፈ።

ይህ ሁሉ መውደቅና መነሳት በካሴቶቹ ላይ በድምፅ ተቀርጿል። ሱቁ ግን «ጥላሁን» የሚል አንድ ፎልደር ከፍቶ በፊደል ተራ ይደረድረዋል። ከዚህ የባሰም አለ። ጥላሁን የድሮ ዘፈኖቹን በኋላ ዘመን ከሌላ ባንድ ጋር ደግሞ ዘፍኗል፣ ስለዚህ አንድ ርዕስ ሁለትና ሦስት ካሴት ላይ ይገኛል። ሠራተኞቹ ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ሲያዩ «ተደግሟል» ብለው አንዱን ያጠፋሉ። የሚጠፋው ድግግሞሽ አይደለም፣ በአሥርና በሃያ ዓመት የሚራራቅ ሌላ ቀረጻ ነው። ምንም ፋይል እንዳይጠፋ አስጠንቅቁ፣ እያንዳንዱ ካሴትም የራሱ ፎልደር ይኑረው፣ የሽፋኑ ፎቶም እዚያው ይግባ።

ሽፋኑ ከጠፋ ዘመኑን በጆሮ መለየት ይቻላል። ትልቅ የትንፋሽ መሣሪያ ጓድ ከኋላ ካለ፣ ድምፁም በአንድ ማይክ እንደተቀዳ ከመሐል ብቻ የሚመጣ ከሆነ የክብር ዘበኛ ዘመን ወይም የሸክላ ቅጂ ነው፤ የመርፌ መንጫጫትም ይሰማበታል። ቤዝ ጊታሩ ጎልቶ፣ ኦርጋንና ጥቂት ሳክስፎን ብቻ ካለ እንደ ሮሃ ያሉ ባንዶች ያጀቡበት የካሴት ዘመን ነው። ኪቦርዱ የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ቦታ ጭምር ከያዘ የኋለኛው ነው። ጠብታ ታህል ጥርጣሬ ካላችሁ ዓመት አትጻፉ፤ «በፊት» እና «በኋላ» ማለት ይበቃል።

ለሸክላው ዘመን ዘፈኖች ሌላ ምክር አለ። ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ካሴት የተገለበጠ ቅጂ ይዞ ለማስገልበጥ ገንዘብ ማውጣት አያዋጣም። ኢትዮጲክስ ከተባለው የሲዲ ተከታታይ 4ኛው ለጅማ ተወላጁ ሙላቱ አስታጥቄ እንደተሰጠ ሁሉ 17ኛው ሙሉ በሙሉ የጥላሁን ነው። እሱ ውስጥ ያለውን ዘፈን ከዚያ ስሙ፣ ገንዘባችሁን በሲዲ ላልወጡት አውሉት።

አንድ ነገር ግን ይህን ቤት ከሌላው ያስበልጠዋል። ጥላሁን በኦሮምኛ የዘፈናቸውን ርዕሶች ቋንቋውን የሚያውቅ ሠራተኛ በትክክል ይጽፋቸዋል። በሌሎች ቅጂዎች ላይ እነዚህ ዘፈኖች «ትራክ 07» ተብለው ነው የሚቀሩት።

መደርደሪያው ላይ የሚሸጠውን «ጥላሁን ሙሉ» የተባለ ዝግጁ ፍላሽ አትግዙ። በ128 የተጨመቀ ነው፣ የሌሎች ዘፋኞች ሥራ ተቀላቅሎበታል፣ ለዘፋኙ ወራሾችም የሚደርስ ነገር የለውም። የገዛችሁትን ካሴት ለራሳችሁ ጆሮ ማስገልበጥና የሌላውን ሥራ አባዝቶ መሸጥ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፊት አንድ አይደሉም።

ክፍያው በካሴት ነው፣ በሰዓት አይደለም፤ ስለዚህ ባለ 90 የሚያመጣ ሰው ይጠቀማል። የሻገተ ካሴት ተጨማሪ ያስከፍላል። ቀረጻው ካሴቱ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ስለሚፈጅ ለአሥር ባለ 60 ካሴት አሥር ሰዓት የግድ ነው፣ «በአንድ ሰዓት አደርስላችኋለሁ» ከሚል ቤት ራቁ። መብራት ሲሄድ ዴኩ ይቆማል። ያኔ የተቋረጠው ጎን ከመጀመሪያው እንዲቀረጽ ጠይቁ፤ ከመሐል ከተቀጠለ መጋጠሚያው ላይ ቃል ይዋጣል። ስትረከቡም ሱቁ ውስጥ እንዳላችሁ የእያንዳንዱን ጎን መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ ስሙ፤ የተዘነጋ ጎን ካለ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ፍላሹ ለመኪና ወይም ለባጃጅ ማጫወቻ ከሆነ ፋት32 በተባለው የፍላሽ አቀራረጽ (ፎርማት) ይዘጋጅ። የፋይሉ ስም በ01፣ 02 ይጀምር፣ ማጫወቻው የአማርኛ ፊደል የማያሳይ ከሆነ በላቲን ፊደል ይጻፍ። ዌቩን ግን በሌላ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ለብቻ አስቀምጡ። ካሴቶቹንም ወደ መጀመሪያቸው አጠንጥናችሁ፣ አቁማችሁ፣ ከስፒከር አርቃችሁ ደረቅ ቦታ አኑሯቸው።